ስም የለሽ የምስል ፋይልን ከአሮጌ ፍሎፒ አውጥቶ የማንበብ አሠራር

ባለፈው ክረምት ለገጣፎ ወደሚገኘው የጥገና ክፍሌ አንድ አዛውንት የሻይ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ቆርቆሮው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒዎች ነበሩ። ጋሼ የተወለዱት ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤተሰብ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የዘመድ ልጅ በሠራላቸው የስዕል ፕሮግራም የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በኮምፒውተር ይነድፉ ነበር። ፕሮግራሙ የነበረበት ፍሎፒ ሻግቶ ጨርሶ አልነበብ አለ። በሁለተኛው ላይ አሥራ አንድ የጥለት ፋይሎች አሉ፤ ነገር ግን አንዱንም የሚከፍት የዛሬ ፕሮግራም አላገኘሁም፤ የፋይሉ አሠራርም የትም አልተጻፈም።

ከዚህ በታች የማቀርበው እነዚያን ፋይሎች ለመፍታት የሄድኩበትን መንገድ ነው፤ የተሳሳትኩባቸውንም ቦታዎች አልተውኩም። ሥራው የፕሮግራም ሊቅነት አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሄክስ ኤዲተር (ፋይሉ የተሠራባቸውን ቁጥሮች፣ ማለትም ባይቶቹን፣ አንድ በአንድ የሚያሳይ ፕሮግራም)፣ ጊምፕ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም፣ የሂሳብ ማሽንና ትዕግሥት ነው፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ ይፈጥናል። ሄክስ ኤዲተሮች ባይቶችን በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ማሳየት ይወዳሉ፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ከ0 እስከ 255 ባለው በተለመደው ቁጥር ስለምጽፍ፣ አንባቢም የፕሮግራሙን ማሳያ ወደዚያ ቢቀይር ይቀለዋል።

ዋናውን ሳይነኩ ቅጂ ማውጣት

ፍሎፒውን ወደ ማንበቢያው ከማስገባትዎ በፊት በጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መዝጊያ ያንሸራቱና ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን ያድርጉ። በባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ቀዳዳው ሲከፈት መጻፍ ይከለከላል፤ በባለ 5.25 ኢንቹ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ መጻፍ የሚከለከለው በጎን ያለው ቅርጥ በወረቀት ሲሸፈን ነው። ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀዎት እምቢ ይበሉ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከመገልበጥ ይልቅ መላውን ፍሎፒ እንዳለ ወደ አንድ የምስል ቅጂ የሚያወጣ ፕሮግራም ይጠቀሙ፤ ሊኑክስ ላለው ዲዲሬስኪው ለዚህ የተመቸ ነው፣ ያልተነበበውን ክፍል እየተመላለሰ ይሞክራልና። ለባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ የተሟላው ቅጂ 1,474,560 ባይት መሆን አለበት።

እኛ አካባቢ ከየግንባታው የሚነሣው አቧራ የማንበቢያውን ራስ ቶሎ ስለሚያቆሽሽ፣ በየሁለት ሦስት ፍሎፒው በአልኮል ማጽዳት ግድ ይላል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ንባቡ እንዳይቋረጥ ይህን ሥራ ባትሪው ጤነኛ በሆነ ላፕቶፕ ላይ መሥራት ይሻላል። ከዚህ በኋላ ፍሎፒው ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ በቅጂው ላይ ነው።

የፋይሉ መጠን የሚነግረን

ሄክስ ኤዲተሩን ከመክፈትዎ በፊት የፋይሎቹን መጠን በወረቀት ይጻፉ። የጋሼ አሥራ አንድ ፋይሎች ሁሉም 112,064 ባይት ነበሩ። ሥዕሎቹ የተለያዩ ሆነው መጠናቸው አንድ ከሆነ ፋይሉ አልታመቀም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ማመቅ የሥዕሉን ባዶነትና ሙላት ተከትሎ መጠኑን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። አንድ ፋይል ብቻ ካለ ደግሞ በዚፕ ያሽጉት፤ በብዙ እጥፍ ካነሰ ያልታመቀ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ እምብዛም ካልቀነሰ ግን አስቀድሞ ታምቋል።

ቀጥሎ መጠኑን በዘመኑ ከነበሩ ስክሪኖች ጋር ያነጻጽሩ። የያኔ ፕሮግራም ሠሪ ብዙ ጊዜ የስክሪኑን ማህደረ ትውስታ እንዳለ ዘርግፎ ፋይል ያደርገው ስለነበር፣ የቁጥሩ ዘር ከስክሪኑ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሲጂኤ የተባለ የስክሪን ካርድ 16,384 ባይት ማህደረ ትውስታ ነበረው፤ ፋይሉ 16,391 ሆኖ የመጀመሪያው ባይት 253 ከሆነ፣ በቤዚክ ቋንቋ ተዘርግፎ የተቀመጠ ስክሪን ነው፣ የጨመሩት ሰባት ባይቶችም ራስጌ፣ ማለትም ስለ ፋይሉ መረጃ የያዙ የመነሻ ባይቶች ናቸው። የ1984ቱ ኢጂኤ በ640 በ350 ነጥብና በ16 ቀለም 112,000 ባይት ይፈልጋል። የ1987ቱ ቪጂኤ በ320 በ200 ነጥብና በ256 ቀለም 64,000፣ በ640 በ480 ነጥብና በ16 ቀለም ደግሞ 153,600 ይሆናል። ከአይቢኤም ዘመዶች ውጭ ደግሞ 6,912 ካዩ ዜድኤክስ ስፔክትረምን፣ 32,034 ካዩ አታሪ ኤስቲን ይጠርጥሩ።

በዚህ ቦታ አንድ ወጥመድ አለ። 4,096 ባይት የሆነ ፋይል ከምስሎቹ ጋር ተቀምጦ ካገኙ ሥዕል ሳይሆን የፊደል ስብስብ ሊሆን ይችላል፤ 256 ፊደላት በየአንዳንዳቸው 16 ባይት ሲይዙ ይህ ቁጥር ይመጣል። ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት የአማርኛ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ኮድና የየራሳቸውን የፊደል ቅርጽ ይዘው ይመጡ ነበርና፣ እንዲህ ያለው ፋይል ከተገኘ በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ በሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ኋላ ሊያስፈልግ ይችላል።

ራስጌውን ማንበብ

ከ112,064 ላይ 112,000 ሲቀነስ 64 ይቀራል። ይህ ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከፋይሉ መነሻ ላይ የተቀመጠ ራስጌ ነው። አስቀድመው ግን ፋይሉ የታወቀ ዓይነት ሆኖ ስሙ ብቻ የተቀየረ እንዳይሆን ያረጋግጡ። መነሻው 66 እና 77 ከሆነ ቢኤምፒ፣ 71፣ 73፣ 70 ከሆነ ጂአይኤፍ፣ 255 እና 216 ከሆነ ጄፔግ፣ 10 ከሆነና ወደ ሥዕሉ ለመድረስ 128 ባይት ማለፍ ካስፈለገ ፒሲኤክስ ነው። የማያውቁት ስም ያለው ፋይል ውስጡ ሲታይ ፒሲኤክስ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ያን ጊዜ ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

የጋሼ ፋይሎች መነሻ 84፣ 76፣ 84፣ 26 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የላቲን ፊደላት ናቸው፣ ሲነበቡ «ቲኤልቲ»፤ ልጁ «ጥለት»ን ያሳጠረበት መሆን አለበት። 26 ደግሞ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን የጽሑፍ ፋይል ማብቂያ ምልክት ነበረች፤ ሰው በስሕተት ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ሲያሳይ ስክሪኑ በቆሻሻ እንዳይሞላ ታስቦ የምትቀመጥ ናት። ከዚያ 94 እና 1፣ 80 እና 0፣ 4 እና 0፣ ቀጥሎም ስድስት ዜሮዎች ይመጣሉ። የኢንቴል ማሽኖች ትልቅ ቁጥርን ሲጽፉ ትንሹን ባይት ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ 94 እና 1 ማለት 94 ሲደመር 1 ጊዜ 256፣ ማለትም 350 ነው። ከአሮጌ ማኪንቶሽ ወይም ከአሚጋ የመጣ ፋይል ከሆነ ትልቁ ባይት ይቀድማልና ንባቡን ይገልብጡት።

እስካሁን 16 ባይት አለፈ። የቀሩት 48 ባይቶች ሲታዩ አንዱም ከ63 አይበልጥም። ይህ የቪጂኤ የቀለም ሰንጠረዥ መለያ ነው፤ ካርዱ ለእያንዳንዱ ቀለም ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ከ0 እስከ 63 ባለው መጠን ይለካ ነበር። 48 ለሦስት ሲካፈል 16 ቀለም ይሆናል።

የታመቀ ከሆነ

የጋሼ ፋይሎች ስላልታመቁ ይህን ክፍል በአጭሩ አልፈዋለሁ። የያኔዎቹ ቀላል ማመቂያዎች «ይህን ባይት ይህን ያህል ጊዜ ድገም» ከማለት አይዘሉም፤ ስለዚህ በሥዕሉ ባዶ ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሚደጋገሙ ባይቶች ይታያሉ። 80 ባይት የሆነ ባዶ ረድፍ በማኪንቶሹ ፓክቢትስ አሠራር «177፣ 0» ተብሎ ይጻፋል፤ ከ257 ላይ 177 ሲቀነስ 80 ነውና። በፒሲኤክስ ግን ድግግሞሹ ከ63 ስለማይበልጥ «255፣ 0፣ 209፣ 0» ይሆናል፤ ከየመሪው ባይት 192 ሲቀነስ 63 እና 17 ይገኛል፣ ድምራቸውም 80 ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ካገኙ ሕጉ በእጅዎ ገብቷል፤ ዘርግተው ሲጨርሱ የሚወጣው መጠን ከላይ ከጠቀስናቸው ቁጥሮች ከአንዱ ጋር ከተስማማም ትክክል ነዎት። ፕሮግራሙ ራሱ ካለ ደግሞ የዶስ ፕሮግራሞችን በዛሬ ኮምፒውተር በሚያሠራው በዶስቦክስ ያስነሡትና አንድ ባዶ ሥዕል፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ ብቻ ያላት ሌላ ሥዕል አስቀምጠው ሁለቱን ፋይሎች ያወዳድሩ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

ወርዱን ማግኘት

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ምስል በፋይል ውስጥ የተተረተረ ሸማ ነው፤ ረድፎቹ ተቀጣጥለው አንድ ረጅም ክር ሆነዋል። ክሩን መልሶ ለመሸመን ማጉ ስንት ድር ካለፈ በኋላ እንደሚመለስ ማወቅ ያሻል። ይህ ቁጥር፣ ማለትም የአንድ ረድፍ ባይት ብዛት፣ አንዴ ከታወቀ የቀረው ስሕተት ሁሉ በዓይን ይታያል፤ እሱ ሳይታወቅ ግን ስለ ቀለም መጨነቅ ከንቱ ድካም ነው።

ፋይሉን በጊምፕ እንደ ጥሬ የምስል ዳታ ይክፈቱት። ፕሮግራሙ ወርድ፣ ቁመትና መነሻ ይጠይቅዎታል። መነሻውን 64 ያድርጉ፣ ዓይነቱን ግራጫ ይምረጡ፣ ከዚያ ወርዱን ቀስ እያሉ ይለውጡት። ወርዱ ስሕተት ሲሆን ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት መስመር ያዘነብላል፤ ዝንባሌው ራሱ መልሱን ይነግርዎታል። ወደ ታች ሲወርዱ መስመሩ ወደ ግራ ከሸሸ የሰጡት ወርድ በዝቷል፣ ወደ ቀኝ ከሸሸ አንሷል። ለምሳሌ በ20 ረድፍ ውስጥ 40 ነጥብ ወደ ግራ ከሄደ በየረድፉ 2 እየሸሸ ነው፤ ስለዚህ ከወርዱ ላይ 2 ይቀንሱ። ሰዎች ይህን ሳያውቁ ቁጥሩን በዘፈቀደ ሲቀያይሩ ግማሽ ቀን ያጠፋሉ።

መስመሩ ቀጥ አለ ማለት ግን ወርዱ ተገኘ ማለት አይደለም። ከትክክለኛው ወርድ እጥፍ ቢሰጡም መስመሩ ይቆማል፤ ምስሉ ግን ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ይታያል፣ ቁመቱም በግማሽ ያጥራል። አራት እጥፍ ከሰጡ አራት ይሆናል። እኔ የወደቅኩት በዚህ ነው። ራስጌው 350 ረድፍ ስላለ 112,000ን ለ350 አካፍዬ 320 አገኘሁ፣ እያንዳንዱ ባይት አንድ ነጥብ የሆነበት ባለ 256 ቀለም ሥዕል ነው ብዬም ደመደምኩ። ከፍቼ ሳየው የጥለት ጥልፍልፍ በስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ጥለት እየተደጋገመ የሚሄድ ነገር ስለሆነ፣ ያ ድግግሞሽ ከሥዕሉ ይሁን ከእኔ ስሕተት የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ራሱ ወርዱን የሚገምት አጭር ፕሮግራም ጽፌም ነበር፤ እያንዳንዱን ባይት ከእሱ በተወሰነ ርቀት ካለው ባይት ጋር እያወዳደረ ልዩነቱ የሚያንስበትን ርቀት የሚመርጥ ነው። ለፎቶ ወይም ለካርታ ይህ ዘዴ ግሩም ነው፤ ለጥለት ግን 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለ የጥለቱን ድግግሞሽ ብቻ ቆጠረልኝ።

ያወጣኝ ከጥለቱ ውጭ፣ በባዶው ኅዳግ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ መስቀል ናት። ጋሼ በየሥራቸው ቀኝ ግርጌ የሚያስቀምጧት ምልክት ናት፤ እኔ ስክሪን ላይ ግን በአንድ ረድፍ አራት ቦታ እኩል ተራርቃ እንደ ጠቃጠቆ ትታይ ነበር። ሰው አራት ጊዜ አይፈርምም። 320 ለአራት ሲካፈል 80 ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ራስጌው ላይ ተቀምጦ እኔ ትርጉም አጥቼለት ያለፍኩት ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው 4ም ሆነ የቀለም ሰንጠረዡ 16 ቀለም ብቻ መያዙ 256 ቀለም እንዳልሆነ ሊያስጠነቅቁኝ ይገባ ነበር። ስለዚህ የሚደጋገም ነገር ሲገጥምዎት ከሥዕሉ ላይ አንዴ ብቻ ሊኖር የሚገባውን ነገር ይፈልጉ፤ ፊርማ፣ ርዕስ፣ የገጽ ቁጥር፣ የማውዝ ቀስት ሊሆን ይችላል።

ንጣፎቹን መለየት

80 ባይት በየባይቱ 8 ቢት ስላለው 640 ነጥብ ይሆናል። ፋይሉን በ640 ወርድ፣ በአንድ ቢት ጥቁርና ነጭ፣ በ1,400 ቁመት ስከፍተው አራት ሙሉ ሥዕሎች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው ታዩ፤ የራስጌው 4 ይህን ነበር የሚለው። የኢጂኤ አሠራር ይህ ነው፤ የአንድ ነጥብ ቀለም በአራት ንጣፎች ላይ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ንጣፍ 28,000 ባይት ነው። በሌሎች ፋይሎች፣ ለምሳሌ በፒሲኤክስ፣ ንጣፎቹ በየረድፉ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ አራት ሥዕል ሳይሆን ቁመቱ በአራት እጥፍ የተለጠጠ አንድ ሥዕል ያያሉ። በሲጂኤ ደግሞ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ረድፎች መጀመሪያ፣ ኢተጋማሾቹ ከ8,192ኛው ባይት ጀምሮ ስለሚቀመጡ ሁለት የተጨፈለቁ ሥዕሎች ላይና ታች ይታያሉ።

ንጣፎቹን ለማዋሐድ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከአራቱ ንጣፎች አንድ አንድ ቢት ይውሰዱና የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ4፣ አራተኛውን በ8 አባዝተው ይደምሩ። ውጤቱ ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ነው፤ በቀለም ሰንጠረዡ ውስጥ የዚያን ተራ ቀለም ያመለክታል። የሰንጠረዡን ዋጋዎች በ255 አባዝተው ለ63 ካላካፈሉ ሥዕሉ ማታ ያለ ኩራዝ እንደሚታይ ነገር ይጨልማል።

ቀለሙ ትክክል ይመስል እንደሆነ ከመገመት በሚታወቅ ነገር ይፈትኑ። ከጋሼ ፋይሎች አንዱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለው ጥለት ነበር። ፕሮግራሙ ቀዩንና ሰማያዊውን አቀያይሮ የሚያስቀምጥ ቢሆን ኖሮ አረንጓዴው እንዳለ ሆኖ ቢጫው ውሃ ሰማያዊ፣ ቀዩ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣ ነበር። ቢኤምፒ እንዲህ ነው፤ በዚያ ላይ ረድፎቹን ከታች ወደ ላይ ያስቀምጣል። የእኛዎቹ ሁለቱም ችግር አልነበረባቸውም።

ሥዕሉን ለሚያውቀው ሰው ማሳየት

ሥራው አለቀ ብዬ ጋሼን ጠራኋቸው። ሻይ ሳይቀርብላቸው ስክሪኑን ጥቂት ተመለከቱና «ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። ጥለቱ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ምልክቷም በቦታዋ አለች። «ጥለት ከግማሽ አይጀምርም» አሉ፤ ጣታቸውን በግራው ጠርዝ ላይ አደረጉ። እውነትም የመጀመሪያው ቅርጽ ከወገቡ ተቆርጦ ነበር የሚጀምረው።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። ቢቶቹን ከባይቱ ሳወጣ ትልቁን ቢት በግራ ማስቀደም ሲገባኝ ከትንሹ ጀምሬያለሁ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስምንት ነጥብ እንደ መስተዋት ተገልብጧል። በፊደል ወይም በፎቶ ላይ ቢሆን ወዲያው ይታይ ነበር። የጋሼ ቅርጽ ግን 16 ነጥብ ሆኖ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ፣ ሁለቱ ስምንቶች ሲገለበጡ ጥለቱ በሙሉ በግማሽ ቅርጽ ተንሸራተተ እንጂ አልተበላሸም። ትንሿ መስቀልም ስምንት ነጥብ ብቻ የምትይዝና ሁለት ጎኗ አንድ ስለሆነች ግልብጡ አልነካትም። እኔ ሳምንት ባየው አላገኘውም ነበር።

የመጨረሻው ማስተካከያ የቁመቱ ነው። 640 በ350 የሆነው ሥዕል በያኔው ባለ 4 በ3 ስክሪን ላይ ሙሉውን መስታወት ይሞላ ስለነበር እያንዳንዱ ነጥብ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ይረዝም ነበር። በዛሬው ስክሪን እንዳለ ቢታይ ይጨፈለቃል፤ ለሚያይ ሰው ሲሰጥ ቁመቱን ወደ 480 ያስረዝሙት። ያልተለጠጠውን 640 በ350 ቅጂ ግን በፒኤንጂ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ጥለቱን ወደ ሽመና የሚመልስ ሰው የሚቆጥረው ነጥብ በነጥብ ነውና። ከሁለቱ ቅጂዎች ጋር የፍሎፒውን ሙሉ ቅጂና ራስጌው ምን በየት እንደያዘ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአንድ ፎልደር ያኑሩ። የጋሼን አሥራ አንዱን ጥለቶች እንዲህ አድርጌ በፍላሽ ሰጠኋቸው፤ ፍላሹን ተቀብለው ከፍሎፒዎቹ ጋር እዚያው የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት።